ከፊት የሚዘጋው ሰደርያ

ሻፊ፣

ጀልባ ልቀዝፍ ወደ ጎጀብ ወንዝ ወርጃለሁ። ወጡ ድስቱ ውስጥ ነው። የቧንቧው ውሃ ከመጣ በርሜሉን ሙላ።

ብርቱካናማውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሚስማሩ ላይ ትቼዋለሁ። ለሰውነቴ የሚመቸኝ እሱ ነበር። ግን ማሰሪያው ከጀርባ ስለሆነ የሚያጠብቅልኝ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ሰማያዊውን ወሰድኩ። አንገቴን ይከረክረኛል፤ ቢሆንም ከፊት በዚፕ ይዘጋል፣ ብቻዬን እችለዋለሁ።

ትናንት ዱካ ላይ ተቀምጬ በመጥረጊያው እንጨት ስቀዝፍ ያገኘኸኝ ሁለቱን እየሞከርኩ ነው። «ጋሽ ገብሬ፣ ወንዙ ቤታችን ገባ እንዴ?» ብለህ ሳቅክ። ሳምንት ሙሉ ዘግተኸኝ ያኔ ገና ስላነጋገርከኝ፣ እንድትስቅ ብዬ መቅዘፌን ቀጠልኩ።

ዛሬ ውሃው ጎድሏል፣ አታስብ። እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልመጣሁ ግን ለጀልባው ባለቤት ለነጂብ ደውልለት።

ባለፈው ሳምንት ወንዙ ዳር «ውሃው ሞልቷል፣ አልገባም» ስትል ልክ ነበርክ። እኔ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ፈሪ አልኩህ። እዚህ ጓዳ ውስጥ ይቅርታ ብልህ አይበቃም። እሑድ ወንዙ ድረስ ና፣ እዚያው ሰዎቹ ፊት እናገረዋለሁ። ጀልባው ላይ መውጣት የለብህም። ዳር ቆመህ ስማኝ።

ገብረጊዮርጊስ