የላላው ማጠፊያ

ውድ ወንድሜ ቀዩም፣

ሰላም ለአንተና ለቤትህ ይሁን። ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ ልጅህ ዘሪና እንደሆነች አውቃለሁ፤ ስለዚህም ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አንተው ራስህ የምታነበው ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ በጻፍኩልህ ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ውሸቴን ነው። ፈሪ ስለሆንኩ ነው።

በአጎትህ ልጅ በኩል የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። «ዘሪናን ለልጅህ ለተብሬዝ እሰጣለሁ። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ከፋብሪካው ሰው መጥቶ የጠየቀኝ አንተ ብቻ ነህ» ብለሃል። ሚስቴ ከደስታዋ ብዛት ለጎረቤቱ ሁሉ ጣፋጭ አዳረሰች። እኔ የቆረስኩት የሮቲ ቂጣ እጄ ላይ ቀረ።

ዓይንህ በጠፋበት በዚያ ቀን የካናውጅ ከተማ ሽቶ ነጋዴዎች ያዘዙትን የዓሣ ቅርጽ ያለው ጠርሙስ ነበር የምንሠራው። እኔ የቀለጠውን መስታወት በቧንቧዬ ጫፍ ከእቶኑ ጠቅልዬ አወጣለሁ፤ በብረት ሰሌዳው ላይ አንከባልዬ ትንሽ እነፋውና ከመቆሚያዬ ላይ ሆኜ ቁልቁል እሰድልሃለሁ። አንተ እግሬ ሥር ቁጢጥ ብለህ በማጠፊያ የተያያዙትን ሁለቱን የብረት ቅርጽ ማውጫ፣ የፎርማውን ግማሾች፣ ትገጥምበትና እጀታውን ጨብጠህ ትይዛለህ። ከዚያ እነፋለሁ። የዓሣው ቅርፊት አንድ በአንድ ጎልቶ እንዲወጣ ከሌላው ጠርሙስ ሁሉ አብልጬ መንፋት ነበረብኝ። ፎርማውን ስትከፍተው ያ ቀይ ዓሣ ብቅ ሲል «አንተ ደግሞ፣ ሳትጠበስ ቀላህ!» እያልክ ታስቀን ነበር።

ጠዋት «ሙነወር፣ ማጠፊያው ላልቷል። ሚስማሩ ተበልቷል፤ ለካቦው ንገረውና ይቀየር» አልከኝ። ሄጄ መጣሁ። «ነግሬዋለሁ። እስከ ከሰዓት ቻሉት፣ ከዚያ ይቀየራል ብሏል» አልኩህ።

ለካቦው አልነገርኩትም፣ ቀዩም። ውሃ ጠጥቼ ነው የተመለስኩት።

ፎርማው ተፈትቶ ከተጠገነ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ ፎርማ ደግሞ መስታወቱን ያጨማድደዋል፤ እንደገና እስኪሞቅ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ባለፋብሪካው ሥራችንን አይቶ ለአዲሱ እቶን ዋና ነፊ ሊመርጥ ነበር። እኔ ለዚያ ቦታ ቋምጬ ነበር።

ባለፋብሪካው ገብቶ አጠገባችን ሲቆም «ኧረ ቀስ በል፣ እየገፋኝ ነው!» አልከኝ። ሰምቼሃለሁ። «ያዘው እንጂ! ቁርስ አልበላህም እንዴ?» ብዬ ሰው ፊት አዋረድኩህና ጉንጬን ሞልቼ ነፋሁ። ሚስማሩ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ፎርማው አፉን ከፈተ። መስታወቱ በክፍተቱ አብጦ ወጣና ፊትህ ላይ ፈነዳ።

ጩኸትህን አልጽፈውም። ዘሪና እያነበበች ነው።

አንተን አንስተው ሲወስዱህ እኔ ሚስማሩን ፈልጌ ኪሴ ከተትኩ። ባለፋብሪካው ፎርማውን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ «የማን ጥፋት ነው?» ሲል «የእሱ ነው፣ አጥብቆ አልያዘውም» አልኩ። አንዲት ቃል። በእሷ ሥራህን አጣህ፤ በእሷ ማሳከሚያ ተከለከልክ። ሐኪሙ «ቶሎ ትልቁ ሆስፒታል ከደረሰ ግራ ዓይኑ ይተርፋል» ብሎ እንደነበር ታውቃለህ። የሚወስድህ ጠፋ። በሳምንቱ እኔ ዋና ነፊ ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ በየዒዱ መንደርህ እመጣ ነበር። አንተም በመጣሁ ቁጥር «እጄ ከድቶኝ ነው፤ ለጥቂት አንተንም አቃጥዬህ ነበር» ትለኛለህ። አምና ይባስ ብለህ ጉልበቴን ዳብሰህ ይዘህ ይቅርታ ጠየቅኸኝ። አንተ እኔን! ዘሪና ያፈላችልኝን ሻይ እያየሁ «ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው» አልኩህ። ከሠራሁት ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ ያ ነው። እጅህ አልከዳህም ወንድሜ። የያዝከውን አልለቀቅክም፤ የከዳህ የብረቱ ማጠፊያ ነው፣ እሱንም እኔ አውቅ ነበር።

መልእክትህ በደረሰ ማግስት ለተብሬዝ ሁሉንም ነገርኩት። እሱም «አባባ፣ ይህን ሳያውቁ ልጃቸውን አልወስድም። አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ» አለ።

ማክሰኞ ሚስማሩን ይዤ ባለፋብሪካው ዘንድ ገባሁ። «ከአራት ዓመት በኋላ ምን ሊያደርግልህ ነው? አርጅተህ ትቀባጥራለህ!» ብሎ አስወጣኝ። እኔም በእጄ ጽፌ፣ አሻራዬን አድርጌበት፣ ከነሚስማሩ ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አስገባሁ። ይጠቅምህ እንደሆነ አላውቅም። ጸሐፊው ነገሩ በጣም ቆይቷል ብሎኛል። ወደ ፋብሪካው ስመለስ በመቆሚያዬ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ይነፋል።

ማረኝ ብዬ አልለምንህም። እንዲህ ያለ ልመና ሌላ ሸክም ነው፤ የተሸከምከው ይበቃሃል። ጋብቻውም እንደተሰጠ ቃል አይቆጠርብህ፤ የሰጠኸው ለእኔ፣ ማንነቴን ለማታውቀው ሰው ነው።

ዘሪና ልጄ፣ ደብዳቤውን ያመጣልሽ ወጣት መልእክተኛ አይደለም። ተብሬዝ ነው። የተጻፈውን ያውቃል፤ አንብባችሁ እስክትጨርሱ ከአጥሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አባትሽ ግባ ካለ ንገሪው። ሂድ ካለም ንገሪው። ብቻ ዝም ብላችሁ አታቁሙት፤ እሱ ምንም አላደረገም።

በዳይህ
ሙነወር
ፊሮዛባድ