ቀለሙን ስንጠብቅ

ሰኞ

አፈሰስነው። የቀለሙ ዱቄት በጓንቴ ላይ ብርቱካናማ ነበር፤ ውሃ ሲነካው ግን አረንጓዴ ሆነ፣ ያውም እንደ ለጋ ቅጠል የሚያበራ። ሱሉልታ ሜዳ ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ ጅረት አለች። ጥቁሩ ድንጋይ የተሰነጠቀበት ጋ ስትደርስ ጭልጥ ብላ ትገባለች፤ ከዚያ ወዲያ የለችም። ቀለሙንም ይዛው ገባች።

አብሮኝ የመጣው የላቦራቶሪው ሳምሶን "በቃ፣ ሄደ" አለ። እኔ ከስንጥቁ አፍ መነሳት አቃተኝ። ጉሙ ገና ከሜዳው አልተነሳም። ላሞቹ እግራቸው አይታይም፤ በነጩ ነገር ላይ ቀስ ብለው የሚንሳፈፉ ይመስላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ስንጥቁ አጠገብ የፋብሪካ ዝቃጭ መድፊያ ጉድጓድ ሊቆፈር ታስቧል። የእኛ መሥሪያ ቤት "የከርሰ ምድሩን ውሃ ይነካል ወይስ አይነካም?" ተብሎ ተጠይቋል። የክፍል ኃላፊዬ አቶ ደምሰው መልሱ ካርታው ላይ አለ ባይ ናቸው፦ ሱሉልታንና ቡራዩን በሚለየው ጋራ ላይ፣ በሱሉልታ በኩል የጣለ ዝናብ ወደ ዓባይ፣ በቡራዩ በኩል የጣለ ወደ አዋሽ። ስንጥቁ በዚህ በኩል፣ የቡራዩ ምንጭ በዚያ በኩል ነው፤ ስለዚህ አይገናኙም። እኔ ደግሞ ስንጥቁ ጋራውን በሥሩ የሚያቋርጥ ይመስለኛል። ይመስለኛል ብቻ። ቀለሙ ቡራዩ ላይ ከወጣ እኔ ልክ ነኝ። እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጥተውኛል።

ማክሰኞ

ቡራዩ፣ ኦቦ ጉተማና ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ቤት። ለዚህ ሥራ አንድ ክፍል አከራይተውኛል። ምንጩ ከግቢያቸው ታች ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ "ቡርቃ" እያለ ይጠራዋል። ከድንጋይ ሥር ዝም ብሎ ይወጣል፣ ድምፅ እንኳ የለውም።

ሳምሶን ቀለም የሚይዝ ከሰል ያለበትን ትንሽ ከረጢት አፉ ላይ አሰረ። ናሙና እየቀዳ ቀለሙን በሚለየው መሣሪያው ያያል። ምንም የለም።

ሌሊቱን በህልሜ እኔም በስንጥቁ ገብቼ ነበር። ጨለማ አልነበረም። ውሃው ከፊቴ እየመራኝ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ይሄዳል፤ ከላዬ የጋራው የባሕር ዛፍ ሥሮች እንደ ክር ተንጠልጥለዋል። የት እንደምንሄድ አልጠየቅኩትም።

ረቡዕ

ጠዋት ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ምንጩን አልፈው ሲሄዱ አየሁ። ወደ ቦኖው! ቦኖው አስፋልቱን ተሻግሮ ነው፣ ውሃ የሚመጣበት ቀንም አይታወቅም። አዴ ጫልቱን ጠየቅኋቸው። "የመንግሥት ሰዎች ቡርቃው ውስጥ መርዝ አሰሩ ተብሏል" አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

መርዝ አይደለም አልኳቸው። ለቀበሌውም ለሽማግሌዎቹም አስቀድመን ነግረን ነበር። ለካ ውሃ የሚቀዱት ሌሎች ናቸው።

ከሰዓት ኦቦ ጉተማ ሰዉን ሾላው ሥር ሰበሰቡልኝ። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በተሰባበረው ኦሮምኛዬ አስረዳሁ። "ውሃው" ለማለት "ቢሻን" እያልኩ ደጋግሜ ስጀምር ሰው ሳቀብኝ፤ ሳቁ ግን የፍቅር አልነበረም። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት "ጉዳት ከሌለው አንቺው ጠጪዋ!" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሳምሶን ከዱቄቱ ቅንጣት ያህል በብርጭቆ ውሃ በጠበጠልኝ። ፀሐይ ሲያገኘው ብርጭቆው በእጄ ውስጥ በራ። ጠጣሁት። ምንም ጣዕም የለውም። ሁሉም ጉሮሮዬን ያያሉ።

ኦቦ ጉተማ ባዶውን ብርጭቆ ከእጄ ወስደው እያገላበጡ አዩት። "ይሄ ነገር ከሱሉልታ እዚህ ከመጣ፣ የፋብሪካውም ቆሻሻ ይመጣል ማለት ነው?"

"አዎ፣ ኦቦ።"

"ካልመጣስ?"

"ካልመጣ ጉድጓዱ ይቆፈራል።"

"ታዲያ እንዲመጣ ነው እንዳይመጣ ነው የምንጸልየው?"

ብርጭቆውን ተቀበልኳቸውና ከምንጩ ርቄ አጠብኩት።

ሐሙስ

ይህን ለማንም አልናገርም፤ እዚህ ብቻ ልጻፈው። ጠዋት መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሳይ ሽንቴ ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ! እንደሚሆን አውቅ ነበር፤ ቢሆንም ደነገጥኩ። ከዚያ ብቻዬን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ቢያንስ በእኔ በኩል ቀለሙ ወጥቷል።

ሁለት ሴቶች ወደ ምንጩ ተመልሰው ቀዱ። ያቺ ልጅ ያዘለችው የለችበትም።

ናሙና፦ ምንም። ከረጢቱ፦ ምንም። ውሃው ላይ ጎንበስ ብዬ ስቆይ የራሴ ፊት ይታየኛል፣ ከኋላው ደመና።

ዓርብ

ለአቶ ደምሰው ደወልኩ። ትንሽ ጊዜ ጨምሩልኝ አልኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከላይ ይጨቀጭቋቸዋል። "ሰብለ፣ ምን ምልክት አየሽ?" አሉኝ። ምንም ምልክት የለኝም። ስንጥቁ አቅጣጫው ወደዚህ ነው፣ ዓለቱም... እያልኩ ስቀባጥር፣ "ህልም ሪፖርት ውስጥ አይገባም፣ ልጄ" አሉ በለሆሳስ። ስለ ህልሜ ነግሬያቸው አላውቅም፤ እንዲሁ አባባል ነው።

ሪፖርቱ ሰኞ ይገባል። እስከዚያ እዚሁ እሆናለሁ አልኳቸው። "ቅዳሜና እሑድ የራስሽ ነው" አሉኝ። ሳምሶን ልብሱን ከሻንጣው መልሶ አወጣ። አላመሰገንኩትም። ነገ አመሰግነዋለሁ።

ቅዳሜ

ምንም።

ቀኑን ሙሉ ካፊያ። ኦቦ ጉተማ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ጋራውን በአገጫቸው እያሳዩኝ፣ ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ወደ ሱሉልታ ገበያ በዚያ ሲሻገሩ ከጫፉ ላይ ሆነው ሁለቱንም አገር ያዩ እንደነበር ነገሩኝ። "በዚህ በኩል ፀሐይ፣ በዚያ በኩል ዝናብ። እኛ መሐል" አሉ። ካፊያው ምንጩ ላይ ትንንሽ ክቦች ይሠራል፤ ክቦቹ እየሰፉ ይጠፋሉ። እንቅልፍ ሳይወስደኝ የተኛሁ ያህል ነበር።

ቀለሙ መንገድ ጠፍቶበት ይሆን? ወይስ እኔ ነኝ የጠፋብኝ?

እሑድ

መጣ።

አዴ ጫልቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በምንጩ በኩል አለፉ። "ሰብለ! ኮቱ! ነይ!" ሲሉ ጫማዬን ሳላደርግ ወረድኩ። ደመናው ተገፎ ፀሐይዋ በቀጥታ ውሃው ላይ ወድቃለች። አረንጓዴ። መጀመሪያ እንደ ጭስ ከድንጋዩ ሥር፣ ቀስ እያለ፣ ከዚያ ኩሬው በሙሉ። ሳምሶን መሣሪያውን ይዞ መጣ። የሚያስፈልግ አልነበረም እኮ፣ ዓይን ይበቃል።

ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። እልል ያለም አለ። እኔ ግን እልል አላልኩም፤ ውሃቸው ከላይ ለሚመጣ ነገር ሁሉ ክፍት መሆኑን ነው ያየነው። ያቺ ልጅ ያዘለችው ሴት አጠገቤ ቆማ ልጇን ወደ ፊት አዙራ ታቅፋው ነበር። ልጁ ወደ ውሃው እጁን ዘረጋ። እሷ ያዘችው።

አቶ ደምሰው ደውዬላቸው ከሰዓት መጡ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ። ተንበርክከው እጃቸውን ነከሩና አወጡት። "ከጋራው ሥር አልፎ?" አሉ። አዎ አልኳቸው። "ስንት ዘመን ያን የውሃ መለያ መስመር ካርታ ላይ ስስል ኖርኩ" አሉ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ራቅ ብለው ሄዱ። ብዙ አወሩ። የሚሉት አልተሰማኝም፤ ሁለት ጊዜ ግን ወደ ጋራው በእጃቸው ሲጠቁሙ አየሁ፣ በስልክ የሚያናግሩት ሰው የሚያይ ይመስል።

ማክሰኞ

ተሰረዘ። ጉድጓዱ እዚያ አይቆፈርም። አቶ ደምሰው ራሳቸው ደውለው ነገሩኝ። "ደህና ሠርተሻል" አሉና ቶሎ ዘጉ፤ ምስጋና ሲያበዙ አያምርባቸውም።

ኦቦ ጉተማን ግቢ ውስጥ አግኝቼ ነገርኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝ። ሳምሶን ዕቃ እየጫነ ያፏጫል። ውሃው ጠርቷል፤ ሴቶቹ ተሰልፈው እየቀዱ ነው፣ ጨዋታቸው እዚህ ድረስ ይሰማል።

ልሰናበታቸው አዴ ጫልቱ ጋ ገባሁ። ልብስ እያጠፉ ነበር። ደስ አላቸው፣ መረቁኝ፣ እጄን ይዘው አልለቀቁኝም። ከዚያ እንደ ዘበት ጠየቁኝ፦

"ታዲያ ቆሻሻውን ወዴት ሊወስዱት ነው?"

አላውቅም አልኳቸው።

"እዚያስ ከታቹ ማን አለ?"

ሌላው ቦታ የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም ነበር። ቁጭ አልኩ፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ። ሳምሶን ከውጭ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋልኝ። አዴ ጫልቱ አልተቆጡኝም፤ ነጠላቸውን አጥፈው ጨረሱና ሌላ አነሱ። እኔም ስልኬን አውጥቼ አቶ ደምሰው ጋ መልሼ ደወልኩ። ይጠራል።