ስለ ተሰረዘው ረቂቅ አልጀብራና ስለ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ

ለተከበሩ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጃችን ዲን፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የእኔስ፣ ደብዳቤዎን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እስካነበብኩበት እስከ ማክሰኞ ረፋድ ድረስ ደህና ነበር። ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ለሚሠለጥኑ ልጆች አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩትን ረቂቅ አልጀብራ «ክፍል ውስጥ የማይፈለግ ቅንጦት» ብለው በመሰረዝ ስላሳረፉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጥቂት ነገሮች ብቻ ከነከኑኝ።

፩. ለልምምድ የላክነው ሠልጣኝ፣ «ዝምተኛው» የምንለው፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲያስተምር አንዲት ተማሪ ተነሥታ «ቲቸር፣ ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል?» አለችው። አሰብ አድርጎ «ዛሬ የሚያጠግብ መልስ የለኝም፤ ነገ ይዤልሽ እመጣለሁ» አላት። እርስዎ የመደቧቸው ተቆጣጣሪ ከኋላ ወንበር ሆነው «ሕግ ነው በላትና እለፍ» ብለው መከሩት፤ ቅጻቸው ላይም «ትምህርቱን አያውቅም» ብለው ሞሉ። ልጁ ወደቀ።

፪. ከሰዓቱን ከዝምተኛው ጋር እኔ ቢሮ ተቀምጠን መልሱን ሠራነው። በማግስቱ ተቆጣጣሪው ባይመጡም (ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል፤ አንፈርድም) እሱ ቃሉን አክብሮ ክፍል ተገኝቶ ሰሌዳው ላይ አስረዳት። አንድና ኔጌቲቭ አንድ ሲደመሩ ዜሮ ናቸው፤ ድምሩን በቅንፍ አድርገው በኔጌቲቭ አንድ ቢያባዙትም ያው ዜሮ ነው፤ ቅንፉ ሲፈታ አንደኛው ብዜት፣ ኔጌቲቭ አንድ በአንድ፣ ኔጌቲቭ አንድ ከሆነ፣ ሌላኛው፣ ኔጌቲቭ አንድ በኔጌቲቭ አንድ፣ ፖዘቲቭ አንድ ከመሆን በቀር ምን ምርጫ አለው? ልጅቷ ሰሌዳውን አየት አድርጋ «ይሄን ያህል ቀላል ከሆነ እስካሁን ለምን ደበቁን?» አለች። ለዚህኛው እኔም መልስ የለኝም፤ እርስዎ ሳይኖርዎት አይቀርም።

፫. ትናንት ዝምተኛው ልብሱን ሸክፎ ሊሰናበተኝ መጣ። «መምህር፣ አላውቅም ማለት የሚያስጥል ከሆነ ይሄ ሥራ ለእኔ አይሆንም» አለኝ። እዚህ ላይ ቀልድ ሞክሬ አልመጣልኝም።

ውጤቱ እንደገና እንዲታይለት በትሕትና እየለመንኩ፣ ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የተባረከና በጣም ቅርብ የሆነ የጡረታ ዘመን የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎ፣
የአልጀብራ መምህሩ

ማስታወሻ፦ ፖስታውን ከማሸጌ በፊት የኮሌጁ ምክር ቤት ስለ ስረዛው የያዘውን ቃለ ጉባኤ ለዝምተኛው አሳየሁት። ስረዛው «ደንቡ በሚጠይቀው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ጸደቀ» ይላል፤ የደገፉት ግን ከሰባት አባላት አራቱ ናቸው፤ ሁለት ሦስተኛ እንዲሞላ አምስት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ትምህርቱ አልተሰረዘም፤ ዛሬ ጠዋት አስተምሬ ወጣሁ፤ እሱም ሻንጣውን አስቀምጦ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር። ስህተቱን ያገኘው እሱ ነው። ረቂቅ አልጀብራ አላስፈለገውም፤ የአምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ በቅቶታል።