እረፍት የሰረቀው ፊሽካ

ሰኞ፣ ጥር 6
ዛሬም ለእትዬ ፊሽካ ስነፋላት ዋልኩ። ታላቅ እህቴ እሳት አደጋ ልትቀጠር ነው... ፈተናውን ካለፈች። አምና ደረጃ መውጣቱ ላይ ጣሏት። ከዘንድሮ ወዲያ ዕድሜዋም አይፈቅድላትም። ፊሽካ ሲጮህ ትበራለች። ደግሞ ሲጮህ ታዘግማለች። ትንፋሿ ሲመለስ እንደገና ትበራለች። እኔ በርሜል ላይ ተሰይሜ ሹም! ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጠ መጥፎ ሹመት ነው?

ረቡዕ፣ ጥር 8
ተንኮል መጣልኝ። ማዝገም ከመጀመሯ... ፊሽካ!
«አንተ እርጉም፣ ገና ትንፋሼን አልሰበሰብኩም!»
«እሳት ትንፋሽሽን ይጠብቃል እንዴ፣ እትዬ?»
ሮጠች። በሳቅ ፍርስ አልኩ። ነገም እደግመዋለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 13
ምን ጉድ ነው? መጠንከር ሲገባት ባሰባት። እግሯ ድንጋይ ሆነ። ተኝታም ልቧ ይደልቃል አለች። እማዬ «ልጄን ምን ነካብኝ?» ትላለች። እኔ ፊሽካዬን ኪሴ ከተትኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14
ወደቀች። ከንፈሯ ነጭ። ቀልድ ጠፋብኝ።
ልምምዱን ያወጣላት አሰልጣኝ፣ ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ተጠርቶ መጣና ሁለት ጣቱን አንገቷ ላይ አድርጎ ቆየ። 
«የልቧ ምት አልወርድ አለ። በደንብ ታሳርፋታለህ?»
«እ... እንደ ሁኔታው።»
«የምን ሁኔታ?»
ዘረገፍኩት። በጥፊ ሲለኝ ታየኝ። አልመታኝም።
«ሩጫው ያፈርሳታል፣ እረፍቱ ነው የሚገነባት። ልብ መውጣት ብቻ ሳይሆን መውረድም ይማራል። አንተ መውረዱን ሰረቅካት።»
እትዬ ሰማች። አንዲት ስድብ እንኳ የለም። ስድቧ በስንት ጣዕሙ!

ሐሙስ፣ ጥር 30
አሰልጣኙ መጀመሪያ ጭራሽ እንዳትሮጥ ከለከላት። ከዚያ ራሱ ይነፋላት ጀመር። ዛሬ ፊሽካውን ወረወረችልኝ።
«ካጭበረበርክ አልምርህም።»
አሳረፍኳት። እንደ አሰልጣኙ ሁለት ጣቴን አንገቷ ላይ አደረግኩ። ድው ድው ድው... ድው... ድው። ወረደ! ግን ይበቃል? ፈተናው ደርሷል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9
ከፈተናው ግቢ አጥር ውጭ ቆሜያለሁ። የውሃ ጎማውን ተሸክማ ደረጃውን ወጣች። ፊሽካው የሌላ ሰው ነው... እንደኔ ያለ ቢሆንስ? የፈተናው ሐኪም የልቧን ምት ሊቆጥር አንገቷን ያዘ። አምና ከደረጃው በኋላ የጣሏት እዚህ ላይ ነው።  ራሱን ነቀነቀ። የእሺ ነው የእምቢ?
እትዬ ዘወር ብላ ፈለገችኝ። ጥርሷ በሙሉ ይታያል።

ሰኞ፣ የካቲት 18
«ቅጣትህ ሩጫ ነው» አለች። አዲሱን የሥራ ቆቧን ደፍታ በርሜሌ ላይ ጉብ! ሮጥኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ሳሩ ላይ ተዘረርኩ።
«እትዬ፣ በእናትሽ... ገና ትንፋሼን...»
«እሳት ትንፋሽህን ይጠብቃል እንዴ?»
ፊሽካውን አፏ ውስጥ ከተተች። አለቀልኝ! ዓይኔን ጨፈንኩ።
አልጮኸም። ቀና ስል ደረት ደረቴን ታያለች። ትንፋሼ እስኪረጋ ጠበቀችኝ።