ስለ እግሯ ቀለበትና ስለ ቀበቶው

ይድረስ ለእማማ፣ ለባለቤቴ እናት፤

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ? ልጅቷ በተወለደች በማግስቱ ጣሪያዬን ላሠራ ብለው እንደወጡ ይኸው ሦስት ወር ሊሞላ ነው። በዚህ ጊዜ እንኳን ጣሪያ ፎቅ ይሠራል ይላል ልጅዎ። በስልክ ደህና ናት ብቻ እንደሚልዎት አውቃለሁ። እኔ ግን ቁጭ ብለው እንዲያነቡት ሁሉንም እጽፍልዎታለሁ።

ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ያለውን ቀለበት አይተውታል፤ ክር የታሰረበት ይመስል እግሯን ዙሪያውን ሰርጉዶት ነበር። ልጅዎ፣ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ራሱም ልብስ ሰፊ፣ ክር ተረስቶባት ነው ብሎ መነጽሩን አድርጎ ጫፉን ሲፈልግ ነርሷ መቀሱን ከእጁ ቀማችው። ሁላችንም ሳቅን። እርስዎ አልሳቁም።

ከዚያ በኋላ እግሯ ከቀለበቱ በታች እያበጠ፣ ጣቶቿም እየጠቆሩ ሄዱ። ሐኪሙ ዝም ከተባለ እግሯን ልታጣ ትችላለች አለን። ሁለት ቀን ሙሉ ቤታችን የስፌት መኪና ድምፅ አልተሰማበትም፤ ልጅዎ እያለቀሰ መስፋት አይችልም።

ሐኪሙ ሥራውን በወረቀት ሣለልን። ቀለበቱ ተቆርጦ ይወጣል፤ ቆዳው ግን ዙሪያውን ቀጥ ብሎ ከተሰፋ ጠባሳው ተኮማትሮ መልሶ እግሯን ያንቃል። ስለዚህ እንደ መጋዝ ጥርስ ይቀደድና ጥርሶቹ ቦታ ተለዋውጠው ይሰፋሉ። ልጅዎ እርሳሱን ተቀብሎ አንዱን ጥርስ አረመለት። ሐኪሙም ልክ ነህ፣ እኔ ግን ቢበላሽብኝ የምቀይረው ጨርቅ የለኝም አለው። ልጅዎ ቤት ገብቶ የክት ሱሪውን እግር አጠበበና በዚያው መንገድ ቀዶ ሰፋው። የጠበበው ላላ። ሱሪው ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ እሱ ግን ያን ቀን እራቱን በላ።

የደም ዝውውሯ እንዳይታወክ ባለፈው ወር ግማሹን ዙር ብቻ ሠሩላት። ፋሻው ሲፈታ ጣቶቿ ቀልተው ነበር። እብጠቱም ጎድሏል። ትናንት በዚያው እግሯ የአባቷን መነጽር መትታ ጣለችው። የተሰበረውን መነጽር ለጎረቤት ሁሉ ሲያሳይ ዋለ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጅዎ በሌለበት ሐኪሙን ጠየቅሁት። በእርግዝናዬ ሰባተኛ ወር ወገቤን ሲያመኝ ሆዴን እንዲደግፍልኝ እርስዎ የሰፉልኝን ቀበቶ ይዤለት ሄጄ ነበር። ዘረጋው፣ አገላበጠው፣ ስፌቱን አደነቀ። ከዚያ፣ ይህ የሚሆነው ማህፀን ውስጥ ፅንሱን የከበበው ስስ ሽፋን ተቀዶ ሲጠመጠምበት ነው፤ ከውጭ የታሰረ ቀበቶ አያመጣውም አለኝ። ማን እንዲህ አለሽ ብሎም ጠየቀኝ። ማንም አላለኝም አልኩት። እውነቴን ነው እማማ፤ ማንም አላለኝም።

የቀረው ግማሽ የሚሠራው በሚመጣው ወር መጀመሪያ ነው። ባለፈው ልጅዎ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ደጃፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ በጥሶ ጨረሳቸው። ሸሚዙ አሁንም እንደዚያው ነው። እኔ ቁልፍ መትከል እንደማልችል እርስዎ ገና በተዋወቅን ቀን ነግረውኛል።

ቀበቶውን አጥቤ ተኩሼዋለሁ። ይህን ስጽፍ ልጅቷ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች፤ ከማዘያዋ በላይ ደርቤ ያሰርኩት እሱን ነው።

ጣሪያዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎት፤ እርስዎን ወደኛ ይላክልን።

ቁልፍ መትከል የማትችለው ልጅዎ