አባ ዳለቻ የሚለው ስም

ውድ ጋሽ ቀነዓ፣

በዚህ ስም ስጠራዎት የመጀመሪያዬ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አባ ዳለቻ ስልዎት ኖሬአለሁ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ግን ስሙ ከአፌ አልወጣ ብሏል። ስልክ ስለማያነሡ ደብዳቤውን ወደ አርሲ ነገሌ ለሚሄድ የሚኒባስ ሹፌር እሰጠዋለሁ። እህትዎ ወይዘሮ ዲንቄ ይቀበሉታል።

ታፔላውን ያሠራሁት እኔ ነኝ። የሚያስደስትዎት መስሎኝ ነበር። ወደ መልካሳ በሚወስደው መንገድ ዳር በተከራየነው ግቢ በር ላይ «አባ ዳለቻ የፈረስ ግልቢያ ማሠልጠኛ» የሚለውን ስንሰቅል ተማሪዎቹ ሁሉ አጨበጨቡ። እርስዎ ግን ቀና ብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ የያዙትን የፈረሳችንን የቡሬን ልጓም እጄ ላይ አስቀመጡና ወጡ። በማግስቱ ነገሌ መግባትዎን ሰማሁ። ተናደድኩ። «ውለታ የማያውቅ ሽማግሌ» ብዬ ለተማሪዎቹ አምቼዎታለሁ። ይቅርታ።

ማክሰኞ አዳማ፣ ድሮ ጋሪ ይነዱበት ወደነበረው አሮጌው የጋሪ ማቆሚያ ሄድኩ። ቅዳሜ አዲስ ተማሪዎች ስለሚገቡ የሕይወት ታሪክዎን በአንድ ገጽ ጽፌ ግድግዳ ላይ ልለጥፍ ነበር። በፈረሱ ስም የሚጠራ ሰው ጀግና ነው፤ የጎደለኝ ስሙን ያገኙበት ውድድር ብቻ ነበር። ቦታውን አሁን ባጃጅ ሞልቶታል። ከድሮዎቹ ባለጋሪዎች የቀሩት እዚያው ጭድ የሚሸጡት ጋሽ ጂብሪል ናቸው።

«አባ ዳለቻ የተባሉት የቱን ውድድር አሸንፈው ነው?» አልኳቸው።

«ውድድር?» ብለው ሳቁ። «ጋሪ ይዞ ከማን ጋር ይወዳደራል፣ ከሎንቺና ጋር?» ሳቃቸውን ሲጨርሱ ፊቴን አዩት። «አልነገረሽም እንዴ? ዳለቻ እኮ ፈረሱ ነበር። ገድሎት ነው ስሙን ያገኘው።»

«ይቀልዳሉ።»

«ዋላሂ አልቀልድም! ቁጭ በይ።»

የሚያዝያ ቀትር ነበር አሉኝ። እርስዎ ስምንት ኩንታል ሲሚንቶ ጭነው ነበር። ዳለቻ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሰም፤ ጀርባው ገጣባ ነው፣ ቁስሉን በጆንያ ሸፍነውታል። ዳገቱ መሐል ላይ ቆመ። እርስዎ ከጋሪው አልወረዱም። ከላይ ሆነው በአለንጋ መቱት፤ አለንጋው ሲበጠስ በእጀታው መቱት። በጉልበቱ ወደቀ፣ አልተነሣም።

ጋሽ ጂብሪል የሚነግሩኝን ሁሉ፣ ተገላቢጦሹን ከእርስዎ ተምሬዋለሁ። ፈረሱ ሳይጠጣ ኮርቻ አይነሣም። ከኮርቻው ሥር የሚገባውን ግላስ ከማልበሴ በፊት መዳፌን ጀርባው ላይ አሳርፌ፣ እርስዎ «በቃ» እስኪሉ ማቆየት አለብኝ። አንድ ጊዜ «ምን እየፈለግኩ ነው?» ብልዎት «ስታገኚው ታውቂዋለሽ» አሉኝ። አለንጋ ይዞ የመጣ ተማሪ፣ ያውም የባለሥልጣን ልጅ፣ ከበር መልሰዋል። ዳገት ስንደርስ ደግሞ ሁላችንም ወርደን በእግራችን እንወጣለን፤ የባጃጅ ሹፌሮች «አዝላችሁት ውጡ እንጂ!» እያሉ ሲስቁብን እርስዎ ልጓሙን ይዘው ከፊት ከፊት ይወጣሉ።

ስሙን ያወጡልዎት ባለጋሪዎቹ ናቸው፣ ለፌዝ። ባለፉ ቁጥር እንደ ባላባት «አባ ዳለቻ!» ይሉዎት ነበር። እርስዎም ሁለት ጊዜ ተደባድበዋቸዋል። «አንድ ቀን ግን፣» አሉ ጋሽ ጂብሪል፣ «እኔው ነኝ የጠራሁት፤ ዞር አለና አቤት አለኝ። ቀልዱ እዚያው ሞተ። ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም ብትጠሪው አይሰማሽም።»

ከእርስዎ ጋር በሠለጠንኩ በስድስተኛው ዓመት «ለእኔስ የፈረስ ስም መቼ ነው የሚወጣልኝ?» ብዬ ጠይቄዎት ነበር፤ ያስታውሱታል? «አይድረስብሽ፣ ሜቲ» አሉኝ። ሴት ስለሆንኩ የናቁኝ መስሎኝ ጋጣው ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ።

የማያውቁት ነገርም አለ። ባለፈው ጥምቀት ከበዓሉ ስመለስ ቸኩዬ ነበር፤ ዳገቱ ላይ አልወረድኩም። ቡሬ ሲቆምብኝ ከአጥር ቅርንጫፍ ሰብሬ ጭኑን መታሁት፣ ሦስት ጊዜ። ወጣልኝ። ማንም አላየኝም፤ እንዲያውም ጎበዝ ጋላቢ የሆንኩ መሰለኝ። ሲያነክስ አይተው ሲጠይቁኝ «ድንጋይ ነው» ብዬ ዋሽቼዎታለሁ። ከማክሰኞ ጀምሮ የማስበው ይህንኑ ነው፦ ቡሬ ያን ቀን ወድቆ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ማን ተብዬ እጠራ ነበር?

ታፔላውን አውርጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ጋጣው ውስጥ አቁሜዋለሁ። አልደመሰስኩትም። ስሙ የእርስዎ ነው፤ የሚሆነውን እርስዎ ይወስኑ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰባት ተማሪዎች ይመጣሉ። አንዱ «ዳገት ላይ ለምን እንወርዳለን?» ማለቱ አይቀርም። እስከ ዛሬ «አባ ዳለቻ ስላሉ» እያልኩ መልሻለሁ፤ ከእንግዲህ እንደዚያ ማለት አልችልም። እርስዎ ባይመጡ የቡሬን ታሪክ እኔ እነግራቸዋለሁ። የዳለቻን ግን ከእርስዎ በቀር ማንም እንዲነግራቸው አልፈልግም። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ከሩቅ ሳይዎት በየትኛው ስም ልጣራ? አቤት የሚሉበትን ስም ይላኩልኝ።

ከፈረስ ስም ለጥቂት የተረፍኩት ተማሪዎ፣
ሜቲ