የልብ መድኃኒትና የሽምብራ ቆሎ

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፳፭ ቀን ፲፰፻፶፬ ዓ.ም.፣ ዘመነ ማርቆስ

ዛሬ አላስመለሰኝም።

በይፋግ ገበያ ያለው ባለመድኃኒት ለሚዘልለው ልቤ ሥር ቀምሞ ሲሰጠኝ «እህል ቀምሰህ ጠጣው» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የነቢያት ጾም ነው ብዬ ጧት በባዶ ሆዴ እጠጣዋለሁ፤ እህል የምቀምሰው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ልቤስ ረግቶልኛል። ነገር ግን ያስመልሰኛል፣ ያዞረኛል፤ ትናንት ለተማሪዎቼ አቋቋም ሳሳይ ከነመቋሚያዬ ወደቅሁ። ሥሩን ልጥለው ቆርጬ ነበር።

ባለቤቴ ሳትነግረኝ ሄዳ ለነፍስ አባቴ ነገረቻቸው። ዛሬ በማለዳ መጡና እፍኝ የሽምብራ ቆሎ አስጨበጡኝ።

«ብላ!»

«አባቴ፣ ጾም አይደለም እንዴ?»

«እግዜር የታመመ ሰው መድኃኒቱን ይትፋ አላለም። ብላ አልሁህ!»

ተማሪዎቼ እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በላሁ፤ ሥሩንም ጠጣሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ማስመለሱን ጠበቅሁ። ቀትር ሆነ፤ የለም። ተማሪዎቹ ከበሮ ሲመቱ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ልቤ አንድ ጊዜ ብቻ ዘለለ፤ ወዲያው ተመልሶ ምቱን ያዘ። እኔም ተነሥቼ እስከ መጨረሻው አብሬያቸው በመቋሚያዬ ዘመምሁ።

ከቅዳሴ መልስ የነፍስ አባቴን አገኘኋቸውና «ጾም በመግደፌ ንስሐ ይስጡኝ» አልኋቸው።

«ስለ መብላትህ ንስሐ የለብህም» አሉኝ። «ፊትህን ስላዞርህ ግን ነገ ተማሪዎችህ እያዩህ ትበላለህ።»

እሺ ብያለሁ። የሽምብራ ቆሎ ደግሞ ሲቆረጠም ድምፁ ከበሮ ያህላል።